ያልመዘገብነው ዕዳ
(በማህበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ሁልጊዜ እዚህ ፊት የምንቆመው የቁጠባና የብድር ሪፖርት ልናነብላችሁ ነው። ዛሬም የምናወራው ስለ ሂሳብ ነው፤ ግን በመዝገባችን ላይ ስላልሰፈረ ሂሳብ ነው።

ባለፈው ዓመታዊ በዓላችን ላይ አንዴ ተጠቅመን የምንጥላቸውን ሳህኖችና ብርጭቆዎች ገዛን። የታሸገ ውኃም አዘዝን። «ዘንድሮስ ከእቃ አጠባ ተገላገልን» ብለን ተደሰትን። ሲመሽ ሁሉንም በኩርቱ ፌስታል አስረን ከደጅ አወጣነው። እኛ የሂሳብ ክፍሎችም ደረሰኙን አይተን «የመስተንግዶ ወጪ» ብለን መዘገብንና ገጹን ዘጋነው።

ነገሩ ግን እዚያ አላለቀም። ያ ኩርቱ ፌስታል የሄደው ሩቅ አገር አይደለም፤ ወደ ረጲ፣ ያው ወደ ቆሼ ነው። ቆሼ ደግሞ እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ በየቀኑ በታክሲ የምናልፈው ቦታ ነው። ሲነፍስ ሽታው ሲመጣ መስኮት እንዘጋለን እንጂ «የእኛም አለበት» ብለን አናስብም።

ረጲ የአዲስ አበባን ቆሻሻ መቀበል ከጀመረ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሲጀመር ከከተማ ውጭ የነበረ ሜዳ ነው። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ከበበው፣ ቆሻሻውም እየተቆለለ ተራራ ሆነ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ ያ ተራራ ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ። የብሔራዊ ሐዘን ቀን ታወጀ። ከመካከላችን ያን ጊዜ ለቅሶ ያልደረሰች፣ ወይም የደረሰ ሰው የማታውቅ ጥቂት ናት።

ከአደጋው በፊት በነበረው ዓመት ሰንዳፋ ላይ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ተቃወሙ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራው ቆመና ቆሻሻው ተመልሶ ወደ ረጲ መጣ። ገበሬዎቹን ልንወቅሳቸው አንችልም። እኛ «ሩቅ ቦታ» ያልነው ለእነሱ ጓሯቸው ነበር። ከዚህ ያገኘነው ትምህርት አጭር ነው፤ ቆሻሻ የሚጣልበት «ሌላ ቦታ» የሚባል ነገር የለም። የአንዷ ሌላ ቦታ የሌላዋ ቤት ነው።

እህቶቻችን፣ እዚህ ያደረሰን የሰው ስንፍና ብቻ አይደለም፤ አስተሳሰብም ነው። ፋብሪካ በዓለም ላይ ከተስፋፋ ወዲህ መሬትን በሁለት መንገድ ብቻ ማየት ተለምዷል፤ አንደኛ ጥሬ ዕቃ የምንወስድባት ጎተራ፣ ሁለተኛ ትርፍራፊውን የምንጥልባት ጉድጓድ። ሥልጣኔም የሚለካው ብዙ በመግዛትና ቶሎ በመጣል ሆነ።

ይህን አስተሳሰብ እኛ በሙያችን በደንብ እናየዋለን። አንድ ድርጅት መኪና ሲገዛ፣ መኪናው በየዓመቱ ባረጀ ቁጥር ከዋጋው ላይ እንቀንሳለን። አለዚያ ትርፉ የውሸት ትርፍ ይሆናል። የአገር ሀብት ሲለካ ግን እንዲህ አይደረግም። ደን ተቆርጦ እንጨቱ ሲሸጥ ገቢ ተብሎ ይደመራል፤ የጠፋው ደን ግን ከዓመታዊው የአገር ምርት ላይ አይቀነስም። ወንዙን ያበላሸ ፋብሪካ የሸጠው ይመዘገባል፤ የወንዙ መበላሸት ግን ከየትም መዝገብ የለም። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሂሳብ ኦዲተር ቢያየው ይፈርምበታል?

ያልተመዘገበ ዕዳ ደግሞ ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። በምዕራብ አዲስ አበባ በኩል የሚወርደውን ትንሹን አቃቂ ተመልከቱ። የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ይዞ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። በመንገዱ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይጠጣዋል። ያንን ጎመን ገበያ ሄደን የምንገዛው እኛው ነን። ዕዳው ዞሮ ገበታችን ላይ ይመጣል ማለት ነው።

አንዳንዶቻችን «ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም» እንላለን። ከፊሉ እውነት ነው። ዳቦ በኮባ ይጋገር ነበር፣ ገበያ በዘንቢል ይኬድ ነበር፣ ያረጀ ልብስ በልዋጭ፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ በቆራሌ ይሄድ ነበር። ግን አያቶቻችንንም አንካባቸው፣ እውነቱን እንናገር። ነገሥታቱ በአንድ ቦታ ሰፍረው የማገዶ እንጨት ሲያልቅ ነቅለው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዱ ነበር። አዲስ አበባ ራሷ ልትተው ተቃርባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን ካጸኗት ነገሮች አንዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። «ሌላ ቦታ አለ» የሚለው ሐሳብ እንግዲህ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። ልዩነቱ ያኔ ሰው ጥቂት ነበር፣ የሚጣለውም ይበሰብስ ነበር። ዛሬ ሕዝቡ በዝቷል፣ ፌስታሉም አይበሰብስም፣ ነቅለን የምንሄድበትም የለም።

ዘመናዊ ነገር ሁሉ ክፉ ነው እያልን አይደለም። ልጆቻችንን ያዳነው ክትባት፣ ቁጠባችንን የምንልክበት ስልክ ዘመናዊ ናቸው። በረጲም ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመርቋል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ከየቤታችን የሚወጣው አብዛኛው ቆሻሻ እርጥብ ነው፤ የምግብ ትራፊ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ ነው። እርጥብ ነገር ደህና አይነድም። ተቆልሎ አየር ሲያጣ ደግሞ ሚቴን የሚባል፣ ዓለምን የሚያሞቅ ጋዝ ያወጣል። መሣሪያ ቢገዛም አስተሳሰባችን ካልተለወጠ ተራራው ማደጉን አይተውም።

ትልልቁን ጥፋት የሚያደርሱት እኛ ሳንሆን ትልልቆቹ መሆናቸውንም እናውቃለን። በዚህ ማህበር ውስጥ ፌስታል ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ እህት አለች፤ እሷን ልንኮንን አልተነሳንም። ሕግም ቢሆን አለ፤ ስስ ፌስታልን ይከለክል የነበረው አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። ግን በየሱቁ ስስ ፌስታል ስንት ዓመት ሲታደል እንደኖረ ሁላችንም አይተናል። ሕግ ብቻውን አይሠራም፤ ሰው ሲለምደው ነው የሚሠራው።

የምንለምደው ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። እድራችንን ተመልከቱ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሳህኑ፣ ትልልቁ ድስት የማንም አይደለም፤ የሁላችንም ነው። አንዴ ተገዝቶ ስንት ሐዘንና ስንት ሠርግ አስተናግዷል! ተጠቅመን እናጥባለን፣ ቆጥረን እንመልሳለን፣ የጎደለውን እንተካለን። ተፈጥሮን በሙሉ እንደ እድር እቃ ብናይ ምን ነበረበት? ከእኛ በፊት የተጠቀሙበት አሉ፣ ከእኛ በኋላ የሚረከቡት አሉ፤ እኛ ቆጥረን መመለስ ነው ያለብን።

ስለዚህ ሦስት ሐሳብ አቅርበናል። አንደኛ፣ ለዘንድሮው በዓል የሚጣል እቃ በምንገዛበት ገንዘብ የማህበሩን የራሱን ሳህንና ብርጭቆ እንግዛ፤ የጎደለውን ከመጠባበቂያው እናሟላለን። እጥበቱም በተራ ይሁን፤ ሁልጊዜ በእነዚያው ታናናሾቻችን ላይ አይውደቅ። ሁለተኛ፣ እርጥቡንና ደረቁን ከቤታችን እንለይ፤ ጓሮ ያላት እርጥቡን ኮምፖስት ታድርገው፣ የሌላት ጓሮ ላላት ጎረቤቷ ትስጥ፤ ደረቁን ለቆራሌው እንስጥ። ሦስተኛ፣ በወጪ መዝገባችን ላይ አንድ ዓምድ እንጨምር። ማንኛውም እቃ ሲገዛ «ካለቀ በኋላ ወዴት ይሄዳል?» ተብሎ ይጻፍበት። መልስ ካጣንለት፣ ከመግዛታችን በፊት ደግመን እንወያይ።

በእነዚህ ሦስቱ የቆሼ ተራራ አይቀንስም ትሉን ይሆናል። እውነታችሁን ነው፣ ነገ አይቀንስም። ግን ይህ ማህበር ሲመሠረትም በወር የምናዋጣት ገንዘብ ትንሽ ነበረች፤ ዛሬ ስንቷ እህታችን ከዚያች ትንሽ ገንዘብ ተበድራ ሥራ እንደጀመረች እናውቃለን።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይባላል። አንዴ በልተንበት ለምንጥለው ሳህን ከልጆቻችን መሬት እየተበደርን ያለነው ሳይቸግረን ነው። ተበዳሪዎቹ እኛ ነን፣ ከፋዮቹ እነሱ ናቸው፤ ማንም ደግሞ ፈርሙ ብሎ አልጠየቃቸውም። እኛ በዚህ ማህበር ያለ ተበዳሪዋ ፊርማ ብድር ሰጥተን አናውቅም። በልጆቻችን ስምም ልንበደር አይገባንም።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ በሦስቱ ሐሳቦች ላይ ድምፅ እንሰጣለን። እስከዚያ በየቤታችን አንድ ሳምንት የጣልነውን ቆጥረን እንምጣ።