ስለ ሆድ መነፋትና ስለ ምግባችን
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



«ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም» የሚለውን ተረት ስንጠቅስ እንደምትስቁ እናውቃለን። ነገር ግን ሳቁ ችግሩን ሸፍኖታል። በጾም ወራት ሆዱን ይዞ ከኋላ ወንበር የሚሸሸግ ጓደኛ አለን፤ «ጨጓራ ነው» ብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኪኒን የሚውጥም አለ። ከሁሉ የሚያሳዝነን ግን ሽሮውን ፈርቶ ድርቆሽ በልቶ የሚውለው ነው።

እኛ ከደብረ ኤልያስ የመጣን ልጆች የቅኔ ቤቱን ደቀ መዝሙር ኑሮ እናውቃለን። ለእርሱም ሆነ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ለሚጾመው ገበሬ፥ ባቄላ፥ አተርና ሽምብራ ሥጋውም ወተቱም ናቸው። ስለዚህ «ጥራጥሬ ተዉ» ብሎ መምከር ጉልበታችሁን ተዉ እንደ ማለት ነው።

ታዲያ ነፋሱ ከየት ይመጣል? አንደኛው ስንጣደፍ የምንውጠው አየር ነው። ሁለተኛው፥ በጥራጥሬ ውስጥ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች አሉ፤ የሰው አንጀት እነዚህን የሚፈጭበት ኤንዛይም የለውም። ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርዱም በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያብላሏቸዋል፤ ጠላ በጋን ውስጥ እንደሚፈላ ሁሉ ጋዝ ይፈጠራል። በቀን ከ10 እስከ 20 ጊዜ ነፋስ መውጣቱ ግን የጤና ነው።

መድኃኒቱ ያለው ከማድ ቤት ነው። ጥራጥሬው አድሮ ይነከር፤ የተነከረበት ውሃ ይደፋና በአዲስ ውሃ እስኪበስል ይቀቀል። ባቄላው ተነክሮ ቢያጎነቁል ደግሞ ስኳሩን ለቡቃያው ስለሚጠቀምበት ለሆድ ይቀላል። ጥራጥሬ ትቶ የቆየ ሰው በጥቂቱ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምር፤ አንጀትም ይለምዳል። አላምጦ መብላትና ለስላሳ መጠጥ መቀነስም ይረዳል። በፋሲካ ማግስት ወተት የሚነፋው ሰው እርጎ ይሞክር፤ የወተቱ ስኳር በእርጎ ውስጥ ይቀንሳልና።

ከመነፋቱ ጋር ክብደት መቀነስ፥ ደም ወይም የማያቋርጥ ተቅማጥ ካለ ግን ነገሩ የባቄላ አይደለምና ወደ ሐኪም እንሂድ። ጃርዲያም ሆድ ይነፋል፤ የሚታወቀውም በሰገራ ምርመራ ነው።

በመጨረሻም፥ የምግብ ቤታችን ባቄላ ማታ ተነክሮ እንዲያድር ኅብረቱ ከወጥ ቤት ሠራተኞች ጋር እንዲመክር እንጠይቃለን። የሚያስወጣው ወጪ ቢኖር የአንድ በርሜል ውሃ ነው።