እግር ብታጣ ሜዳ አላጣችም



ዛሬ ልንነግራችሁ የወደድነው ስለ ኦክሳና ማስተርስ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. በዩክሬን እግሮቿ ተጎድተው ተወለደች፤ በሕፃናት ማሳደጊያ ከኖረች በኋላ አንዲት አሜሪካዊት እናት ወስዳ አሳደገቻት። በ9 እና በ14 ዓመቷ ሁለቱም እግሮቿ ተቆረጡ። ሆኖም በ2012 በለንደን በጀልባ ቀዘፋ ነሐስ አገኘች። ጀርባዋን አሟት ቀዘፋውን ብትተው ወደ ሌላ ስፖርት ዞረች፤ በ2018 በፒዮንግቻንግ በበረዶ ሸርተቴ፣ በ2021 በቶኪዮ በእጅ በሚነዳ ብስክሌት ሁለት ሁለት ወርቅ አመጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ አንዱ በር ሲዘጋ ሌላ የሚከፍት ሰው እንደሚያስፈልግ ነው። ስለዚህ በስፖርት ሰዓት ከሜዳው ዳር ለሚቀመጡት ጓደኞቻችን የሚስማማ ጨዋታ እንዲገባላቸው መምህሮቻችንን በአክብሮት እንለምናለን፤ እኛም አብረናቸው እንጫወታለን።