የታሰረ አየርና መውጫው

(በእነዋሪ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ)



የዛሬው ርእሴ ባሕር ጠላቂዎች ከሚለብሱት ማንሳፈፊያ ሰደርያ የታሰረ አየር እንዴት እንደሚወጣ ነው። ባሕር በሌለበት በሞረትና ጅሩ ምድር ይህ ለምን ይነሣል የሚል ቢኖር፣ እንስራ የቀዳ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። እንስራን አፉን ወደ ታች ደፍተን ውሃ ውስጥ ብንነክረው አይሞላም፤ አየሩ ታስሯልና። አፉን ወደ ላይ ቀና ስናደርገው አየሩ እየተንደቀደቀ ይወጣል። አየር በውሃ ውስጥ ሁልጊዜ ወደ ከፍተኛው ስፍራ ይሸሻል፤ መውጫው ከዚያ ካልሆነ ታስሮ ይቀራል። የገለጻዬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ስኩባ በሚባለው አጠላለቅ፣ ጠላቂው የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር በጀርባው ይሸከማል፤ አየር የሚሞላና የሚተነፍስ ሰደርያም ይለብሳል። አየር ሲጨምርበት ይነሣል፤ ሲያስተነፍሰው ይወርዳል። አደጋው የሚከተለው ወደ ላይ ሲመለስ ነው። ሮበርት ቦይል በ1662 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ ግፊት ሲቀንስ የአየር ይዘት ይጨምራል። ከ30 ሜትር ጥልቀት ወደ 20 ሜትር የሚወጣ አየር ይዘቱ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል፤ ከ10 ሜትር እስከ ውሃው ገጽ ሲወጣ ግን እጥፍ ይሆናል። የሰፋው አየር ጠላቂውን ያነሣዋል፤ መነሣቱም አየሩን ይበልጥ ያሰፋዋል። ሽቅብ እየተወረወረ ትንፋሹን የያዘ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል።

እኛ ደጋ ላይ የምንኖር ሰዎች ይህን በሌላ መልክ እናየዋለን። እነዋሪ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። ጀማ ሸለቆ ውስጥ አየር ይዞ አፉ የታሰረ ፌስታል እዚህ ሲደርስ ይወጠራል። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በጣና ሐይቅም፣ ከ10 ሜትር ጥልቀት የሚወጣ 1 ሊትር አየር ገጹ ላይ 2.2 ሊትር ያህል ይሆናል። በደጋ ሐይቅ የሚጠልቅ ሰው እንግዲህ በባሕር ከሚጠልቀው ይልቅ መጠንቀቅ አለበት።

ቁልፉን ተጭኖ አየሩ እንቢ ያለው ጠላቂ፣ ብዙውን ጊዜ መሣሪያው ደኅና ሆኖ የሰውነቱ አቋም ነው የተሳሳተው። በሆዱ ተዘርግቶ ሲዋኝ አየሩ ጀርባው ላይ ይከማቻል፤ የትከሻው ቱቦ ከዚያ በታች ይሆናል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ቱቦውን ከራሱ በላይ ከፍ ያድርግ፤ ከዚያም ያስተንፍስ። ራሱ ወደ ታች ከሆነ ደግሞ ከወገቡ በታች ያለውን ማስተንፈሻ በገመዱ ይሳብ፤ በዚያን ጊዜ ከፍተኛው እርሱ ነውና። ይህንንም ፍጥነቱ ሳይበረታ ቀድሞ፣ ጥቂት በጥቂት ማድረግ ይገባል።

ይህ ሕግ በአገራችን ታሪክ ከባድ ዋጋ ተከፍሎበታል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 961 በረራ ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ አቅራቢያ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፍተውት ነበር። ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አነሣቸው፤ በሩ ግን ከታች ነበር። ሊያድን የተሠራው አየር ከመውጫው በላይ አሰራቸው።

ዛሬ ከዚህ አካባቢ ብዙ ወጣቶች በአውሮፕላን ባሕር ይሻገራሉ። አስተናጋጇ «ከአውሮፕላኑ ሳትወጡ ጃኬቱን አትንፉ» ስትል፣ ቃሏ ለሥነ ሥርዓት ያህል የሚነገር አይደለም። ተማሪዎቼ፣ ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ፤ ለሚሄዱት ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ ንገሩልኝ።