የውኃ ቦይ ሲቆፈር የቀደሙትን እንዳንረሳ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ውኃ ቧንቧና ስለ መቃብር ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። የሚገናኙት ከመሬት በታች ነዋ!

ብዙዎቻችን ለተወለድንበት አገር የንጹሕ ውኃ ሥራ ገንዘብ እናዋጣለን። የቧንቧው ቦይ ጠባብ ነው፤ ርዝመቱ ግን ከምንጩ ተነሥቶ እስከ ቦኖው ድረስ ስንት ማሳና ስንት ጉብታ ያቋርጣል። የጥንቱ ሰውም እንደኛው ውኃ ፈልጎ ምንጭ አጠገብ ይሰፍር ነበርና፣ ቆፋሪው የድሮ ግንብ፣ የሸክላ ስባሪ፣ አንዳንዴም የሰው አጥንት ቢያገኝ አያስደንቅም።

ጢያን ተመልከቱ። በሶዶ አገር የቆሙት 36 ትክል ድንጋዮች በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሊቃውንት ቦታውን ሲቆፍሩ ያገኙት መቃብር ነው። እነዚያም ሰዎች ድንጋይ ጠርበው ያቆሙላቸው ቀባሪዎች ነበሯቸው ማለት ነው። በአክሱም አጠገብም በ1970ዎቹ ዓ.ም. ገበሬዎች በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ የተጻፈ የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ አገኙ። ከቦታው ሳይነሣ ትንሽ ቤት ተሠራለት።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ቁፋሮው ሳይጀመር ባለሙያ መስመሩን በእግሩ ይሂድበት፤ ሽማግሌዎችንም ይጠይቅ። የድሮ ፍራሽና የድሮ መቃብር የት እንዳለ እነሱ ያውቃሉ። ሁለተኛ፣ ሲቆፈር ባለሙያው ከቦዩ አፍ አይለይ። አንዳች ነገር ብቅ ሲል ዶማው ይቁም፤ ጥልቀቱ ይለካ፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ በመዝገብ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ዕቃው ባለሙያ ሳያየው አይነቀል። ማሰሮው ከምን ጋራና በምን ያህል ጥልቀት እንደነበረ ካልታወቀ ተራ ሸክላ ሆኖ ይቀራል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209ም በቁፋሮ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ጠብቆ እንዲያስታውቅ አዝዟል፤ ላስረከበም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው ደንግጓል።

«ሴቶቻችን እንስራ ተሸክመው ወገባቸው ሲጎብጥ፣ ለድሮ አጥንት ብለን ውኃ እናዘግይ ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን መስመሩ አስቀድሞ ከታየ የሚባክነው ቀን ጥቂት ነው። ቧንቧ እኮ ጥቂት ሜትር ዞር ብሎ ያልፋል፤ የተበተነ መቃብር ግን ተመልሶ አይገጥምም።

ስለዚህ ለውኃ ሥራ ስናዋጣ የባለሙያውን አበል አብረን እናስብ፤ ለየአገሩ የውኃ ኮሚቴም ይህንኑ እንጻፍ። እኛ የተሰባሰብነው ሰው ቀባሪ እንዳያጣ ብለን ነው። ቀባሪዎቹ ያለቁበትንም ሰው ማክበር ከዚሁ ሥራችን ይቆጠራል።