ማዕድ ማገልገል

(በሸዋ ሮቢት ለአባቶች ካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዲያቆን ማለት አገልጋይ ማለት እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን። ይህ አገልግሎት የተጀመረበትን ምክንያት ግን አዘውትረን አናስበውም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈ ምክንያቱ የምግብ እደላ ቅሬታ ነበር። በኢየሩሳሌም ይኖሩ የነበሩ ግሪክኛ ተናጋሪ ምእመናን በየዕለቱ በሚሰጠው እርዳታ መበለቶቻቸው ስለ ተዘነጉ አጉረመረሙ።

ሐዋርያት ጌታን በዐይናቸው ያዩ፣ ድውያንን የፈወሱ አባቶች ናቸው። «እኛን ትጠረጥራላችሁን?» ሊሉ ይችሉ ነበር፤ አላሉም። አጉረምራሚው ማን እንደ ሆነም አልመረመሩም። ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ከስማቸው እንደምንረዳው እደላው ቅር ለተሰኙት ወገኖች እጅ ተላለፈ። በእኛ አስተያየት ትሕትና በሥራ የታየው በዚህ ነው፤ ሥልጣንን ለቅሬታ አቅራቢው ማካፈል አንገትን ከመድፋት ይከብዳልና።

በጸሎተ ሐሙስ አባቶቻችን ዝቅ ብለው የወይራና የወይን ቅጠል ይዘው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። በአገራችን የእንግዳን እግር ማጠብ የልጅና የአሽከር ሥራ ስለ ነበር፣ የሥርዓቱ ትርጉም ለማንም አይሰወርም። ጥያቄው ያ እግር ያጠበ እጅ በማግስቱ የተረጂዎችን መዝገብ ሲይዝ እንዴት ይሆናል የሚለው ነው።

ይፋት ይህን ጥያቄ በመከራ ተምራለች። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። በቆላው አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይውላሉ። ኮሚሽናችን ሃይማኖት ሳይለይ ይረዳል፤ መዝገቡን የሚሞላው ግን የሚያውቀውን ሰው ቀድሞ ያስታውሳል። ይህ የግድ ከክፋት አይመጣም። ነገር ግን ለሽንኩርት ለቀማ መጥቶ የቀረው የቀን ሠራተኛ፣ ቤት ተከራይታ የምትኖረው ተፈናቃይ፣ ከሰበካው ዘመድ የሌላት ሙስሊም መበለት፣ እነዚህ የዛሬዎቹ ግሪክኛ ተናጋሪዎች ናቸው።

ስለ ፀሐዩም እንናገር። የሮቢት ፀሐይ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ እንዴት እንደሚያቃጥል ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ኮሚቴው በድንኳን ጥላ ተቀምጦ፣ ሕፃን ያዘለች እናት በወረፋ ቆማ እስከ ቀትር ስትጠብቅ ማየት የተለመደ ሆኗል። እደላውን በማለዳ መጀመር ገንዘብ አይጠይቅም። ድንኳኑ አንድ ብቻ ከሆነም ለወረፋው ይተከል፤ ጠረጴዛው ፀሐይ ቢመታው ምንም አይሆንም። ፎቶግራፍ ማንሣትንም እንዲሁ፤ ሪፖርት ማስረጃ እንደሚሻ እናውቃለን፣ ነገር ግን የተከመረው እህል ፎቶግራፍ ይበቃል፤ እጇን የዘረጋች አሮጊት ፊት አያስፈልገንም።

ከዕለቱ በፊት የተረጂዎች ስም በአደባባይ ይነበብ። የኮሚቴ አባል ዘመድ ያለበት ስም ሲነሣ አባሉ ከውሳኔው ይውጣ። ቅሬታ ተቀባዩም ከኮሚቴው ውጭ ይሁን፤ ከተረጂዎቹ ራሳቸው ቢመረጥ ይሻላል። ይህን ስንል በካህን ላይ እምነት ማጣት የሚመስላቸው አሉ። ሐዋርያት ሰባቱን ከሾሙ በኋላ የሆነውን ቅዱስ ሉቃስ ወዲያው በዚያው ምዕራፍ ጽፎታል፤ ከካህናትም ብዙዎች ለሃይማኖት ታዘዙ።

ከምሳ በኋላ በየሰበካችሁ ስትቀመጡ አስቀድማችሁ ቅሬታ የሚቀበሉትን ሁለት ሰዎች እንድትሰይሙ በትሕትና እንለምናለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።