ለኮምፒዩተር ሥራዎች ተራና ቅድሚያ ስለ መስጠት



አንድ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ ሲታዘዝ የትኛውን አስቀድሞ የትኛውን አዘግይቶ እንደሚሠራ፣ እኛም በትእዛዝ መስመር ላይ ጥቂት ቃል ጽፈን ይህን ተራ እንዴት ለመመርመርና ለመለወጥ እንደምንችል ዛሬ ልነግራችሁ አስቤአለሁ። ነገሩ የባለሙያዎች ብቻ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ባለማወቅ የሚመጣውን ጉዳት እኔ ራሴ አድርሼ አይቼዋለሁና ከዚያው ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ አንድ ኮምፒዩተር ነበረ። ተግባሩም በገንዘብ መቀበያው መስኮት ለሚቆሙት ባለጉዳዮች ደረሰኝ ማውጣት ነው። አንድ ቀን ታዲያ የዓመቱን መዝገብ ጨምቆ እንዲያስቀምጥ ሌሊት ያዘዝነው ሥራ እስከ ረፋድ ሳያልቅ ቀረና ደረሰኙ ተጓተተ፤ ሰልፉም እስከ ደጅ ደረሰ። እኔም ጩኸቱ ቢበዛብኝ ያንን ሥራ በትእዛዝ ገደልሁት። ስድስት ሰዓት ሙሉ የተደከመበት መዝገብ ከንቱ ሆነ፤ በማግሥቱም ሌሊት እንደገና ከመጀመሪያው ሳሠራው አደርሁ። ሥራውን ሳይገድሉ ለባለጉዳዮቹ መንገድ እንዲለቅ ማዘዝ ይቻል እንደ ነበረ የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አንድን መኪና ለብዙ ተጠቃሚዎች በየተራ የማካፈል ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1961 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይህንኑ ሠርተው አሳይተዋል። በዩኒክስና በሊኑክስ የቅድሚያው መለኪያ «ናይስ» ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ደግ፣ ሰው አክባሪ ማለት ነው። ከዜሮ በታች 20 ጀምሮ እስከ 19 ይደርሳል። ቁጥሩ ከፍ ያለው ሥራ ትሑት ነው፤ ለሌላው ይለቃል። ቁጥሩ ዝቅ ያለው ግን ይቀድማል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ትልቅ ቁጥር ትልቅ ሥልጣን ይመስለዋልና። ምንም ያልተባለ ሥራ ዜሮ ነው።

አስቀድሞ መመርመር ነው። «ቶፕ» ብላችሁ ብትጽፉ የሥራዎቹ ሠንጠረዥ ይወጣል፤ «ኤንአይ» በሚለው ዓምድ ሥር ያለው ቁጥር ናይሱ ነው። በአጠገቡ ያለው «ፒአር» በተራው ሥራ ዘንድ በዚያው ላይ 20 የተደመረበት ስለ ሆነ ግር አይበላችሁ። «ፒኤስ» በሚለውም ትእዛዝ ይህንኑ ዓምድ ጠይቆ ማየት ይቻላል።

አንድን ሥራ ገና ሲጀምር ትሑት ለማድረግ «ናይስ» ብላችሁ፣ ሰረዝና ኤን አስከትላችሁ፣ 10 ጨምራችሁ የሥራውን ስም ትጽፋላችሁ። የጀመረውን ለመለወጥ ደግሞ «ሪናይስ» አለ፤ እርሱም የሥራውን መለያ ቁጥር ይፈልጋል። በሊኑክስ ናይስ በነበረው ላይ የሚደምር ሲሆን ሪናይስ ግን የነበረውን ሽሮ አዲሱን ቁጥር ያኖራል። ማንም ሰው የራሱን ሥራ ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ መልሶ ከፍ ማድረግ ግን በተለመደው አሠራር የሥርዓቱ አስተዳዳሪ ሥልጣን ነው። ስለዚህ ሳታስቡ 19 አትበሉ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአንድ ፕሮሰሰር ላይ ሁለት ሥራዎች ቢሻሙና አንዱ ዜሮ ሌላው 5 ቢሆን፣ ዜሮው ከጊዜው ሦስት አራተኛውን ያህል ይወስዳል፤ ሁለተኛው 10 ቢሆን ከመቶ 10 ያህል ብቻ ይደርሰዋል፤ 19 ቢሆን ደግሞ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ሌላ ተሻሚ ከሌለ ትሑቱም ሥራ ጊዜውን ሁሉ ያገኛል። በወፍጮ ቤትም ቢሆን ሌላ ባለ እህል ካልመጣ፣ ተራውን የለቀቀው ሰው ወዲያው ያስፈጭ የለምን?

አንድ ወጥመድ አለ። ከ2011 ወዲህ ብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች በየመስኮቱ የተጀመሩትን ሥራዎች በየቡድናቸው ከፍለው ጊዜውን በመጀመሪያ ለቡድኖቹ ያከፋፍላሉ። ያን ጊዜ ናይስ የሚሠራው በአንድ ቡድን ውስጥ ብቻ ስለ ሆነ፣ በአንዱ መስኮት የተጀመረው ሥራ 19 ቢባልም በሌላው መስኮት ለተጀመረው ምንም ላይለቅለት ይችላል። ትእዛዙ በትክክል ተፈጽሞ ሳለ ለውጥ የጠፋባቸው ብዙዎች ምክንያታቸው ይኸው ነው። ደግሞም ናይስ የሚገዛው የፕሮሰሰሩን ጊዜ ነው እንጂ የዲስኩን አይደለም፤ ለዲስኩ «አዮናይስ» የሚባል ሌላ ትእዛዝ አለ። «ሲኤችአርቲ» የሚባለው ለቅጽበታዊ ሥራዎች የሚያገለግለው ከ1 እስከ 99 ሲቆጥር፣ በዚያ ግን ትልቁ ቁጥር ይቀድማል፤ ለምን እንዲህ እንደ ተገላበጠ እኔን አትጠይቁኝ።

በመሥሪያ ቤታችን ያ የመዝገብ ሥራ ዛሬ በናይስም በአዮናይስም ዝቅ ተደርጎ ይጀመራል። አንዳንድ ቀን ሳያልቅ ይነጋል። ጠዋት ቶፕን ስከፍት 19 የሚለውን ቁጥር በዓምዱ አየዋለሁ፤ መዝገቡ ቀስ እያለ ይጨመቃል፣ በመስኮቱም ደረሰኙ ይወጣል።