መብረቅን በፎቶ ማንሣት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ጽጽቃ፣ ዝቋላ)

ሰብሳቢያችን በትርፍ ጊዜዬ የምሠራውን እንድነግራችሁ ስላዘዙኝ፣ ዛሬ ስለ ቁጠባና ብድር አላወራም። የማወራው ስለ መብረቅ ፎቶ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ሰው ከመብረቅ ይሸሻል እንጂ ፎቶ ያነሣዋል ወይ?» ብላችሁኛል። እውነት ነው፣ መሸሹ ይቀድማል። ስለዚህ ከጥንቃቄው ልጀምር።

ብልጭታው ወዲያው ይታያል፤ ድምፁ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚጓዘው። ብልጭ ሲል መቁጠር ጀምሩ፣ ነጎድጓዱ ሲሰማ አቁሙ፣ ቁጥሩን ለ3 አካፍሉት፤ የሚወጣው ርቀቱ በኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳትቆጥሩ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነውና ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል ሲባል እንሰማለን፤ አደጋው ግን ከቀለሙ አይደለም። አደጋው ሜዳ ላይ፣ ጉብታ ላይ ወይም ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥር መገኘት ነው።

እኔ የማነሣው ማታ፣ ደመናው ርቆ ወደ ተከዜ በኩል ሲያስገመግም፣ ከግንብ ቤት ውስጥ በተዘጋ መስኮት ነው። መብራቱን አጠፋለሁ፤ አለበለዚያ መስታወቱ የራሴን ፊት ነው የሚያሳየኝ።

ብልጭታውን አይቶ ቁልፍ መጫን አያዋጣም፤ ጣታችን እስኪደርስ መብረቁ አልፏል። ዘዴው ቀድሞ ከፍቶ መጠበቅ ነው። ስልካችሁ «ፕሮ» የሚል ክፍል ካለው አይኤስኦውን 100 አድርጉት፤ የሰከንዱን ቁጥር 10 ወይም 15 ላይ፣ ፎከሱን ወደ ሩቅ አድርጉ። ስልኩ እንዳይነቃነቅ በመቆሚያ ወይም በሁለት የጤፍ ከረጢቶች መካከል አስደግፉት፤ ቁልፉ ሲነካ እንዳይናወጥም የ2 ሰከንድ ማዘግያውን ተጠቀሙ። «ፕሮ» የሌለው ስልክ ቢሆን ቪዲዮ ቅረጹና ብልጭታው ያለበትን ቅጽበት አውጡ።

ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ልቁጠርላችሁ፦ በ15 ሰከንድ አንድ ፎቶ ቢነሣ በግማሽ ሰዓት 120 ይሆናል። ከዚያ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ደህና ፎቶ ካገኘሁ ደስ ብሎኝ እተኛለሁ። የቀረውን አጠፋዋለሁ፤ ወጪ የለበትም።

በቀደመው ዘመን ሠዓሊዎች መብረቅን እንደ መጋዝ ጥርስ አድርገው ይሥሉት ነበር። አሜሪካዊው ዊሊያም ጄኒንግስ በ1882 እ.ኤ.አ. ፎቶ ሲያነሣው ግን ቅርንጫፍ ያለው ሆኖ ተገኘ። በእኔም ፎቶ ላይ ከተራራ አናት ቁልቁል እንደምናያቸው የተከዜ ገባሮች ይመስላል።

«ሴት ልጅ ሥራ አጥታ ሰማይ ትቆጥራለች» ላሉኝም መልስ አለኝ። የእህቴ ልጅ ፍየል ይጠብቃል፤ ዝናብ ሲመጣ መጠለያው የግራር ሥር ነበር። ምክር ሰልችቶት ነበር፤ ፎቶውን ሲያይ ግን ዝም ብሎ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። አሁን መቁጠር ያውቃል፤ ደመናው ሲጠቁርም ፍየሎቹን ቀድሞ ወደ መንደር ይመልሳል።

ስለዚህ ፎቶውን ለምትወዱ አሳያችኋለሁ። መቁጠሩን ግን ሁላችሁም ዛሬ ማታ እረኞቻችሁን አስተምሩልኝ። ክረምቱ የደኅና ይሁንልን።